ባሌ ተራሮች በእግር፣ ዲንሾ አዳር፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው

«ባሌ ልንሄድ ነው፤ የት እንደር? አስጎብኚ ግድ ነው እንዴ? ብርዱስ ይቻላል?» የበዓል ሰሞን በደረሰ ቁጥር ከዘመድም ከጓደኛም የሚመጣልኝ ጥያቄ ይኸው ነው። ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት ከማስረዳ አንዴ ጽፌ ብልክ ይሻላል። መመሪያው ዲንሾ ላይ ሎጅ ይዞ፣ ቀን ቀን በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በእግሩ እየተጓዘ ማታ ማታ ጣራ ሥር ለሚያድር ሰው ነው። ድንኳን ጭናችሁ ሜዳ ላይ ለመክረም ካሰባችሁ ዝግጅቱ ሌላ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ዕቅዱ አራት ሌሊት ይፈልጋል፦

- ቀን 1፦ ከአዲስ አበባ ዲንሾ፤ አዳር ዲንሾ
- ቀን 2፦ የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ጫካና የገይሳይ ሜዳ፤ አዳር ዲንሾ
- ቀን 3፦ የወይብ ሸለቆ በእግር ወይም በፈረስ፤ አዳር ዲንሾ
- ቀን 4፦ በጎባ በኩል ወደ ሳነቲ በመኪና፤ አዳር ጎባ ወይም ሮቤ
- ቀን 5፦ መመለስ

ቅደም ተከተሉን አደራ አትገልብጡት። ዲንሾ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። የሳነቲ አምባ 4,000 ሜትር ይደርሳል፤ አምባው ላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። ሰውነት የሳሳውን አየር የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው፤ ሁለት ሦስት ሌሊት ዲንሾ አድሮ ሳነቲ የወጣ ሰው ሲደሰት ይውላል፣ ከአዲስ አበባ በቀጥታ የወጣው ግን ራሱን ይዞ መኪና ውስጥ ይቀመጣል። ከዱባይ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ የመጡ ዘመዶች አብረዋችሁ ካሉ ይህ ነገር እጥፍ ያሳስባል። እናንተ አዲስ አበባ ላይ በ2,300 ሜትር ከፍታ ስትኖሩ እነሱ ከባሕር ጠለል ነው የመጡት። መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ቀን ይረፉ።

1. ወሩን ምረጡ

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። መሬቱ ደርቋል፣ ወንዙ ጎድሏል፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ዝናቡ ይበረታል፤ ሸለቆው ጭቃ ይሆናል፣ ጉሙ ሲወርድ ደግሞ ሳነቲ ላይ ከመኪናው አፍንጫ በላይ አይታይም። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባለውም ጊዜ ዝናብ አለ፤ የሚያጓጓ አረንጓዴ ቢሆንም ከሰዓት በኋላው የሚታመን አይደለም።

አንድ ነገር ግን እወቁ፦ ሰማዩ የጠራባቸው ወራት ሌሊታቸው ውርጭ ነው። ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ አመዳይ ታያላችሁ። ሳነቲ ላይ ሌሊት ከዜሮ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። «በጋ ነው» ብላችሁ ሹራብ እንዳትተዉ።

2. ሎጁን በስልክ አናግሩ

ዲንሾ ሎጅ የሚገኘው በፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ግቢ፣ ጥድና ኮሶ በበዛበት ጫካ መሃል ነው። ጥቅሙ እዚሁ ላይ ነው፦ የደጋ አጋዘን፣ ድኩላና ከርከሮ በግቢው ውስጥ ይዘዋወራሉ፣ የመግቢያ ክፍያውም አስጎብኚውም አጠገባችሁ ነው። ግን ሎጅ ሲባል የከተማ ሆቴል እንዳይመስላችሁ። ገጠር ነው፤ ዛሬ ያለው አገልግሎት በሚቀጥለው ወር ላይኖር ይችላል። ስለዚህ «ክፍል አለ?» ብቻ ብላችሁ ስልኩን አትዝጉ። እነዚህን ጠይቁ፦

- ለአንድ አልጋ ስንት ብርድ ልብስ ይሰጣል? ተጨማሪ ቢያስፈልግስ?
- ክፍሉ የግል ነው ወይስ የጋራ?
- ሙቅ ውሃ አለ? በስንት ሰዓት ነው የሚሞቀው?
- መብራት ሲጠፋ በምን ይሠራል? ስልክ ቻርጅ ማድረግ ይቻላል?
- የሚያበስል ሰው አለ ወይስ ራሳችን ነን? ድስትና ሳህንስ?
- ቀብድ ይፈለጋል? በባንክ ነው፣ በቴሌብር ነው ወይስ በእጅ?

ከተስማማችሁ በኋላ ስማችሁን፣ የሰው ብዛትና የምትገቡበትን ቀን በአጭር ጽሑፍ መልእክት ላኩ። ቀኑን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር ጻፉት። ውጭ አገር ያለው ወንድም በፈረንጅ ሲያስይዝ፣ የሎጁ ሰው በእኛ ሲመዘግብ፣ ቤተሰቡ ደርሶ አልጋ የሚያጣበት አጋጣሚ ቀልድ አይደለም። ሰዓትም እንዲሁ፦ «5 ሰዓት» ከማለት «ከጠዋቱ 5 ሰዓት» ማለት ያዋጣል።

ሎጁ ከሞላ ዲንሾ ከተማ ውስጥ ትንንሽ ማደሪያ አለ። የተሻለ አልጋ ከፈለጋችሁ ሮቤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከፍታዋም ዝቅ ስለሚል እንቅልፉ ይቀላል። ጉዳቱ ጠዋት ላይ ነው፦ አጋዘኑ የሚታየው ማለዳ ስለሆነ ከሮቤ እስክትደርሱ ፀሐዩ ከፍ ይላል።

3. መንገዱን አጣሩ፣ ከዚያ ትኬት ቁረጡ

ከአዲስ አበባ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአዳማ፣ አሰላ፣ ዶዶላ፣ አዳባ መሄድ ይቻላል፤ በሻሸመኔ ዞሮ ዶዶላ ላይ መግጠምም ይቻላል። ከጉዞው በፊት በነበረው ቀን ወደ ሎጁ ወይም አካባቢውን ወደሚያውቅ ሹፌር ደውላችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። ወሬ ከማኅበራዊ ሚዲያ ሳይሆን በዚያው ቀን በመንገዱ ካለፈ ሰው ይወሰድ። በምንም መንገድ ማታ አትንዱ፤ ከብት፣ ጋሪና መብራት የሌለው አይሱዙ መንገዱን ይጋሩታል።

በአውቶቡስ ከሆነ ወደ ሮቤ ወይም ጎባ የሚሄደውን ትይዛላችሁ፤ በዲንሾ ያልፋል። ለመሃል መውረጃ የሙሉ መንገድ ሂሳብ ቢጠየቅ አትገረሙ። ስትሳፈሩ ለረዳቱ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ አዳባን ስታልፉ ደግሞ ነቃ በሉ። «ዲንሾ ወራጅ አለ!» ካላላችሁ ሹፌሩ ወደ ሮቤ ይከንፋል። በአውሮፕላን ለሚመጣ ሮቤ አጠገብ ማረፊያ አለ። ግን ከአውሮፕላን የወረደ ሰው እንደ መኪና ተጓዡ ቀን ሙሉ ቀስ እያለ ስላልወጣ የመጀመሪያውን ከሰዓት በኋላ ይረፍ።

4. ዕቃ አዘጋጁ

ልብስ፦
- ከሥር የሚለበስ ቀጭን ሙቀት ሰጪ ልብስ፣ ከላይና ከታች
- የሱፍ ወይም የፍሊስ ሹራብ
- ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት
- ጂንስ ያልሆነ ሱሪ፤ ሁለት
- የሱፍ ካልሲ፣ ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ
- ሰፊ ጠርዝ ያለው የፀሐይ ባርኔጣና መነጽር
- ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ቀድሞ የተለመደ ጫማ
- ጋቢ

ሌላ፦
- ስሊፒንግ ባግ፤ ሎጁ ብርድ ልብስ ቢኖረውም
- ባትሪ፣ ቢቻል ግንባር ላይ የሚታሰር፤ ፓወር ባንክ
- ለአንድ ሰው 2 ሊትር የሚይዝ የውሃ መያዣ
- ውሃ አጋር ወይም ሌላ የውሃ ማከሚያ
- ሰንስክሪንና ቫዝሊን
- ኦ አር ኤስ፣ የራስ ምታት መድኃኒት፣ ፕላስተር፣ በሐኪም የታዘዘላችሁ መድኃኒት
- መታወቂያ፤ ዝርዝር ብር
- ሁለት ባዶ ማዳበሪያና ጠንካራ ገመድ
- ቆሻሻ መመለሻ ፌስታል

አንዳንዶቹን ላብራራ። ጋቢ ለሎጁ ምሽት የሚተካው የለም፤ ለመንገድ ግን አይሆንም። ጥጥ ነውና ላብም ካፊያም ሲነካው ውሃውን ይይዛል፣ አይደርቅም፣ ይከብዳል፣ ከዚያም ሙቀታችሁን ይወስዳል። ጂንስም በዚሁ ምክንያት ይቅር። ጫማውን ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ያልኩት ለቁልቁለቱ ብዬ አይደለም። የወይብ ሸለቆና ሳነቲ መሬታቸው በፍልፈልና በአይጥ ጉድጓድ የተወጋ ነው፤ ሣሩ ይሸፍነውና እግር ዘው ይላል። አዲስ ጫማ ገዝታችሁ እዚያ አታለማምዱት፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሰፈር ውስጥ ልበሱት።

ማዳበሪያው ለፈረሱ ነው፤ ደረጃ 5 ላይ እመጣበታለሁ።

ምግብ ላይ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አለ። ዲንሾ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ይንተከተካል፤ ግን የአዲስ አበባውን ያህል እንኳ አይሞቅም። ስለዚህ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ያልተከካ ምስር ይዛችሁ ብትሄዱ ጋዙ ያልቃል እንጂ አይበስሉም። የሚሻለው ተቀቅሎ ወይም ተቆልቶ ያለቀ ነገር ነው፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንታ፣ ቶሎ የሚደርስ ሽሮ። ጭኮ ካገኛችሁ ደግሞ ሌላ አትፈልጉ፤ ገብስና ቅቤ ነው፣ አይበላሽም፣ ትንሽ ቁራጩ እስከ ምሳ ያቆያል። በጾም ወቅት ለምትሄዱ በሶ በሱፍ ወይም በተልባ ተበጥብጦ ያንኑ ሥራ ይሠራል። በጾም ቀን ሳትበሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሽቅብ ለመሄድ ግን አትሞክሩ፤ ወይ ቀኑን ቀይሩ ወይ መንገዱን አሳጥሩ።

5. ዲንሾ ስትደርሱ፦ ክፍያ፣ አስጎብኚ፣ ፈረስ

መጀመሪያ ሎጅ ሳይሆን የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። የመግቢያ ክፍያው ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ይለያያል፤ መታወቂያ ካላሳያችሁ መከራከሪያ የላችሁም። ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆናችሁ የትውልድ መታወቂያችሁን ያዙና የትኛው ተመን እንደሚመለከታችሁ እዚያው ጠይቁ። ለመኪናም ለብቻው ይከፈላል። ዋጋውን እዚህ የማልጽፈው ስለሚቀያየር ነው። ክፍያው ስንት ቀን እንደሚሸፍን አረጋግጡ፤ ደረሰኙን እስከ መጨረሻው ቀን አትጣሉት፣ ሳነቲ ላይ ጠባቂ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

አስጎብኚ ግድ ነው። ዲንሾ ላይ የአስጎብኚዎች ማኅበር አለ፤ በዚያ በኩል ያዙ እንጂ መንገድ ላይ «እኔ አሳያችኋለሁ» ካለ ሰው ጋር አትዋዋሉ። ምክንያቱ ደንብ ብቻ አይደለም። ሸለቆው ውስጥ ምልክት የተደረገበት መንገድ አይጠብቃችሁም፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ጉም ሲወርድ ሁሉም ሜዳ አንድ ይመስላል። በዚያ ላይ የአካባቢው ሰው ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ ከእረኛውም ከባለ ፈረሱም ጋር የሚያግባባችሁ እሱ ነው። እናንተም «አካም» ብላችሁ ሰላምታ፣ «ገለቶማ» ብላችሁ ምስጋና ብትሰጡ ፊት ይፈታል።

ፈረሱን የሚያገናኛችሁም አስጎብኚው ነው። ስትስማሙ ሦስት ነገር ቁርጥ ይሁን፦ ዋጋው በፈረስ ነው ወይስ ባለ ፈረሱን ይጨምራል? የመመለሻው ጊዜ ይታሰባል? የባለ ፈረሱ ምግብ በማን ነው? ይህን ማታ ላይ ሳይሆን ከመነሳታችሁ በፊት፣ አስጎብኚው ባለበት ተነጋገሩ።

አጫጫኑም የራሱ ሥርዓት አለው። ቦርሳችሁን እንዳለ ፈረስ ላይ ካደረጋችሁት ማታ የፈረስ ላብ የጠጣ ሹራብ ታወጣላችሁ። ቦርሳውን ማዳበሪያ ውስጥ ክተቱና አፉን እሰሩ፤ ሁለቱ ማዳበሪያ ክብደታቸው እኩል ይሁን። አንዱ ወገን ከከበደ ጭነቱ ቁልቁለት ላይ ዞሮ ከሆዱ ሥር ይገባል፣ የፈረሱም ጀርባ ይቆስላል። ባለ ፈረሱ ጉልበቱን ሆዱ ላይ አስደግፎ ገመዱን ሲስበው ታያላችሁ፤ ጥቂት እንደተጓዘ ቆሞ ደግሞ ያጠብቀዋል። አታጣድፉት። ውሃ፣ ጃኬት፣ ካሜራና መድኃኒት ፈረስ ላይ አይጫንም፤ ፈረሱ ወይ ይቀድማችኋል ወይ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ብርዱ ግን አይጠብቅም።

6. የመጀመሪያው ሌሊት

በመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ መቆራረጡ፣ ትንሽ ራስ ምታት፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር የተለመደ ነው። ብዙ ውሃ ጠጡ፣ እራት ቀለል ይበል፣ አልኮል ይቅር። አልኮል ሌሊት አተነፋፈስን ያዘገያል፣ ውሃም ያስወጣል፤ «ያሞቃል» የሚባለውም ቆዳን ብቻ ነው።

ሙቀት ለማግኘት፦ ከመተኛታችሁ በፊት ላብ የነካውን ልብስ ሁሉ፣ ካልሲን ጨምሮ፣ በደረቅ ቀይሩ። ሙቅ ውሃ ወፍራም የብረት ኮዳ ውስጥ ሞልታችሁ በካልሲ ጠቅልሉና እግራችሁ ሥር አድርጉ። ሃይላንድ ላስቲክ አይሆንም፤ ይሟሽሻል፣ አልጋው ላይም ይፈሳል። ስልክና ፓወር ባንክ አብረዋችሁ ይተኙ፤ ብርድ ባትሪን ይበላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሰል መኝታ ክፍል አይገባም። ብርዱ ሲበረታ ምድጃ ላይ ከሰል አቀጣጥሎ ማስገባት የሚፈተን ሰው አለ። የከሰል ጭስ በዓይን የማይታይ፣ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ስለጠፋ አደጋው አለፈ ማለት አይደለም፤ በር ገርበብ ማድረግም አያድንም። የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ የጋራ ክፍሉ ውስጥ ካለ እዚያ ሙቁ፣ ከዚያ ብርድ ልብስ ደርቡ።

ሌሊት ሽንት ቤት ስትወጡ ባትሪ ያዙ፤ ጅብም ከርከሮም ግቢውን ያውቁታል። ምግብ ደጅ ወይም መስኮት ላይ አታሳድሩ።

7. ቀን 2፦ ቀላሉ ቀን

በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትከር፣ ከአስጎብኚው ጋር ወደ ገይሳይ ውጡ። ከዲንሾ ወደ አዳባ አቅጣጫ፣ ዋናው መንገድ ዳር ያለው ሜዳ ነው። የደጋ አጋዘን የሚግጠው ጠዋትና ማታ ነው፤ ቀትር ላይ ወደ ቁጥቋጦው ይገባል። ወንዱን በጠመዝማዛ ቀንዱ ትለዩታላችሁ። ቀጥ ብላችሁ ወደ እሱ አትሂዱ፤ አግድም እየሄዳችሁ ቀረብ በሉ፣ ጭንቅላቱን ቀና ሲያደርግ ቁሙ። ደማቅ ቀለም አትልበሱ፤ ሙዚቃ አትክፈቱ።

ከሰዓት በኋላ የግቢውን ጫካ ዞር ዞር በሉ። የቀኑ ዓላማ ርቀት አይደለም፤ ሳንባችሁ እንዲለምድ ነው። እያወራችሁ መሄድ ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል።

8. ቀን 3፦ የወይብ ሸለቆ

ደርሶ መልስ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሱ። የተለመደው መድረሻ ፊንጫ ሃበራ ፏፏቴ ነው። ደረሳችሁም አልደረሳችሁም 6 ሰዓት ላይ ተመለሱ፤ ከሰዓት በኋላ ደመና ይሰበሰባል፣ ደክሞ ጉድጓድ በበዛበት ሜዳ ላይ በጨለማ መሄድ ደግሞ እግር መስበር ነው። ቁርጭምጭሚታችሁን የማታምኑ ፈረስ ያዙ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ የአገሩ ሰውም የሚሄደው በፈረስ ነው።

ቀይ ቀበሮን ለማየት የሚሮጥ ሰው አያያትም። የምትበላው አይጥና ፍልፈል የሚወጣው ፀሐይ መሬቱን ካሞቀ በኋላ ስለሆነ እሷም የምታድነው በቀን ነው። አፈሩ ትኩስ የተቆፈረበትን ቦታ ፈልጉና ነፋሱ ከፊታችሁ እንዲመጣ አድርጋችሁ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ አፈር ይንቀሳቀሳል፤ የግዙፉ ፍልፈል ጭንቅላት ብቅ ይላል፣ ሣር ይጎትታል፣ ተመልሶ ይገባል። አጠገቡ አንዲት ቡናማ ወፍ ካለች ዓይናችሁን ከሷ ላይ አታንሱ፤ ፍልፈሉ ቆፍሮ የሚያወጣውን ነፍሳት ትለቅማለች፣ ስትደነግጥም እሱ ይጠልቃል። ወፏ ጮኻ ከተነሳች አንድ ነገር እየመጣ ነው። አንዳንዴ ጭልፊት ነው፤ አንዳንዴ ግን ቀይ ቀበሮዋ ናት።

ውሃው የጠራ ቢመስልም አትጠጡት። ሸለቆው ውስጥ ከብት ይግጣል። ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን ውሃ መፍላት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይንተክተክ፤ ጊዜ ከሌለ የውሃ ማከሚያውን እሽጉ ላይ በተጻፈው መጠን ተጠቀሙ።

ሁለት የማይታለፉ ክልከላዎች አሉ። ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው፣ የእብድ ውሻ በሽታ የሚያስተላልፍባቸውም የቤት ውሻ ነው። ሜዳ ላይ እሳት አታንድዱ፣ ሲጋራም አትጣሉ። አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ሲደርቅ እንደ ላምባ ነው የሚነደው።

9. ቀን 4፦ ሳነቲ

በጠዋት ወደ ጎባ ሂዱ። ዳገቱ የሚጀምረው ከጎባ ወጣ እንዳላችሁ ነው። የራሳችሁ መኪና ከሌለ ከሮቤ ወይም ከጎባ ኮንትራት ያዙ፤ መሬቱን የሚችል፣ ጥሩ ጎማ ያለው ይሁን፣ ነዳጅም ሙሉ ይሁን። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚያልፍ የሕዝብ መኪና አለ፤ ግን አምባው መሃል ወርዳችሁ መመለሻ ሳታገኙ ብትቀሩ ብርዱ አደገኛ ነው።

መጀመሪያ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል በየሜዳው እንደ ምሰሶ ቆሞ ታያላችሁ። መኪናውን አቁማችሁ በሐይቆቹ ዙሪያ አጭር የእግር ጉዞ አድርጉ፤ እርምጃው የሽማግሌ ይሁን። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ የመኪና መንገድ አለ። ላይ ብዙ አትቆዩ፤ ፎቶ አንስታችሁ ውረዱ። ሹፌሩን ቀስ እንዲል አስጠንቅቁ፤ በመኪና የሚገጩ ቀበሮዎች አሉ። ጊዜ ካላችሁ በደቡብ በኩል ቁልቁል ወደ ሀረና ጫካ፣ እስከ ሪራ ድረስ ወርዳችሁ የጫካ ማርና ቡና ገዝታችሁ ተመለሱ፤ ግን ከመጨለሙ በፊት አምባውን እንደገና ማቋረጥ እንዳለባችሁ አስሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የከፍታ ሕመም። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ ከዚያ በላይ አትውጡ። ሰውየው ከተደነጋገረ፣ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ወይም ቁጭ ብሎ እንኳ ትንፋሽ ካጠረው ወዲያውኑ ወደ ጎባ አውርዱት፣ ከዚያም ሆስፒታል። «ትንሽ ይረፍና እናያለን» አይባልም፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት፣ ጨቅላ ሕፃን የያዘ ቤተሰብ ሳነቲን ከማሰቡ በፊት ሐኪም ያማክር። አሴታዞላማይድ የሚባለውንም መድኃኒት ሐኪም ሳያዝ አትዋጡ፤ ለሰልፋ አለርጂ ያለባቸው ሊጎዱበት ይችላሉ።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

- ሁሉንም በሁለት ቀን ለመጨረስ መሞከር። ከ400 ኪሎ ሜትር መንገድ በኋላ በማግስቱ ሳነቲ ላይ የሚውል ሰው የሚያስታውሰው ራስ ምታቱን ነው።
- ፀሐዩን መናቅ። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ቆዳ መቃጠሉ አይታወቅም፤ ማታ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ አፍንጫ ይላጣል። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል።
- ለከርከሮና ለድኩላ ዳቦ መወርወር። ሰው የለመደ ከርከሮ ቦርሳ መንጠቅ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ልጅ ነው የሚጎዳው።
- በካርድና በቴሌብር ብቻ መተማመን። ሮቤና ጎባ ባንክ አለ፤ ሸለቆው ውስጥ ግን ባለ ፈረሱ የሚፈልገው በእጅ ነው። ባለ 200 ብቻ ይዛችሁ «መልስ የለም» እንዳትባሉ ዝርዝር ያዙ።
- ፓርኩ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ሳይጠይቁ ፎቶ ማንሳት። በአስጎብኚው በኩል ጠይቁ፤ እምቢ ካለ እሺ በሉ።
- ጉርሻን መጨረሻ ላይ ለአንድ ሰው ሰብስቦ መስጠት። ለአስጎብኚው፣ ለባለ ፈረሱና ለምግብ አብሳዩ ለየራሳቸው በእጃቸው ስጡ፤ አለዚያ ጠብ ትታችሁ ትሄዳላችሁ።
- ዲንሾ ላይ ቆሞ የመመለሻ አውቶቡስ መጠበቅ። ከሮቤ የሚነሳው ሞልቶ ነው የሚያልፈው። በቀን 4 ማታ ሮቤ ወይም ጎባ እደሩ ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው፤ ሳነቲ ከመውጣታችሁ በፊት በጠዋት ትኬቱን ቁረጡ፣ መነሻ ሰዓቱን «ከሌሊቱ ነው ወይስ ከጠዋቱ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሻንጣችሁንም ማታውኑ አዘጋጁ።